የእትዬ ሸዋወርቅ ዳንቴል

በእትዬ ሸዋወርቅ ቤት ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፤ ሬዲዮው የተቀመጠበት ጠረጴዛም ለብሷል። የወንበሮቹ መደገፊያ፣ የብርጭቆው መደርደሪያ፣ የውኃ ጆጉ አፍ ሳይቀር በነጭ ክር የተሠራ፣ ዙሪያውን ወይን ጠጅ አበባ የዞረበት ልብስ ነበረው። ጎረቤቶቻቸው፣ «እዚያ ቤት ብዙ የቆየ እንግዳም ዳንቴል ይደረብበታል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እርሳቸው አይቆጡም። «ያከበሩትን ዕቃ ያለብሱታል፤ የናቁትን ነው ለአቧራ የሚሰጡት» ይላሉ።

አዳማ ያን ጊዜ ናዝሬት ነበር የምትባለው። ናዝሬትና አቧራ ደግሞ አብረው ያደጉ ናቸው። በበጋ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የጋሪ ፈረስ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ከተማ ዳንቴል መሥራት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከነፋሱ ጋር የሚደረግ ክርክር ነው።

እትዬ ሸዋወርቅ ከምንጃር በሙሽርነት ነው የመጡት። ባላቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ዕድሜ ሳይጠግቡ ሞቱባቸው። እርሳቸው ወደ አገር ቤት ከመመለስ ይልቅ የጽሕፈት መኪና ተምረው፣ አትክልት የሚሰበስብና የሚያከፋፍል የመንግሥት ድርጅት ውስጥ ታይፒስት ሆነው ተቀጠሩ። ከጣቢያው ወዲያ ባለች ግቢያቸው ፓፓያ ተከሉ። ፓፓያውም አፈራ፤ እርሳቸውም የናዝሬት ሰው ሆኑ።

እኔ የዚያው ድርጅት ሾፌር ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ፊደሉን ከዘመቻው ባገኝም አንባቢ ያደረጉኝ ግን እርሳቸው ናቸው። ሲተይቡ የተሳሳቱትን ወረቀት አይጥሉትም ነበር። «ገብረወልድ፣ እንካ። ስህተቱ የት ላይ እንዳለ ፈልገህ አምጣ» ብለው ይሰጡኛል። የዓለም ጤና ከተማን ሽንኩርትና የመቂን ቲማቲም በወረቀት ላይ እያሳደድሁ ነው ማንበብ የለመድሁት። ስለዚህ ስለ እርሳቸው ብጽፍ የሚያምርብኝ ይመስለኛል።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ገደማ ከማዕከል ኮምፒዩተር መጣች። እትዬ ሸዋወርቅ አዲስ አበባ ተልከው አሠራሩን ተምረው ተመለሱ። አሮጌዋ የጽሕፈት መኪና አቦምሳ ላለው የድርጅቱ ጣቢያ ተሰጠች፤ እዚያ ግን የሚጽፍባት ሰው ስላልነበረ በሣጥኗ ውስጥ ሆና ሰው ትጠብቅ ነበር። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

የኮምፒዩተሯ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ጋደም ያለች ናት፤ ቴሌቪዥን የመሰለው መስታወቷ ከላይዋ ይቀመጣል። ሠራተኛው ሁሉ እየመጣ ያያት ነበር። «እትዬ፣ ዜናው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ይላል አንዱ። «ያንተን ደመወዝ ስቀንስ ዜናውን ትሰማለህ» ይሉታል።

ከሣጥኗ ጀርባ ማራገቢያ ያላት ቀዳዳ ነበረች። ጠረጴዛው ደግሞ ጀርባውን ለመስኮት የሰጠ ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ የጭነት መኪኖች የሚዞሩበት ግቢ አለ። እትዬ ሸዋወርቅ ቀዳዳዋን አዩ፣ ግቢውን አዩ፣ «በዚህች በኩል አቧራው ሁሉ ሆዷ ሊገባ ነው» አሉ። ክርና ኪሮሽ አወጡ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ኮምፒዩተሯ ካፖርት ለበሰች። ከላይ ሣጥኗን፣ ከጎን ሁለቱን ወገን፣ ከኋላ ደግሞ ቀዳዳዋን አልፎ እስከ ጠረጴዛው የሚወርድ፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሠራ ዳንቴል። ስትሠራም ስታርፍም አይወልቅላትም። ያላደነቀው ሰው አልነበረም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ንዋይ እንኳ አይተው ለስልካቸውና ለሬዲዮናቸው አሠሩ።

መጋቢት ገባ። የናዝሬትን መጋቢት የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ፣ እትዬ ሸዋወርቅን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ክፍሉ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

«ምን ሆኑ?»

«እኔ ምንም አልሆንሁ። እሷ ናት» አሉ፤ መስታወቱ ጨልሟል። «ጠስ አለች፣ ቀጭ አለች፣ ዝም አለች። ማብሪያዋን ብነካ ብነካ አትተነፍስም።»

ጓድ ንዋይ ለማዕከል ደወሉ። መልሱ በማግሥቱ መጣ፦ ዓርብ በሚሄደው የሽንኩርት መኪና ላይ ተጭና ትምጣ። ታይፒስቷም ሥራ እንዳይፈቱ የጽሕፈት መኪናቸው ወዳለችበት ወደ አቦምሳ ይዛወሩ።

«ተጠግና ትመለሳለች» አሉ ጓድ ንዋይ፣ ሲያጽናኑ።

እትዬ ሸዋወርቅ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «የማባዣ መኪናችን ተመለሰች? የዓለም ጤና የውኃ ሞተር ተመለሰ? እዚያ የሄደ ነገር መንገዱን ይረሳል፣ ጓድ። እኔም አቦምሳ ከሄድሁ መንገዱን እረሳለሁ። ቤቴ እዚህ ነው። እስከ ዓርብ እንሞክራት።»

«ብትበላሽስ?»

«የሞተች ደግማ አትሞትም።»

ጓድ ንዋይ ክፉ ሰው አልነበሩም። መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና፣ «መኪናው ዓርብ ጠዋት ተጭኖ ይነሳል። እስከዚያ ድረስ እኔ አላየሁም» ብለው ወጡ።

እኔ የማውቀው ባለሙያ አንድ ነው። ፈዬራ ይባላል፤ ከገበያው ጀርባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። የመኪናዬንም ሬዲዮ የሚሠራልኝ እሱ ነው። ኮምፒዩተር ከፍቶ እንደማያውቅ ሲነግረኝ አላፈረም። «ላም አላውቅም፤ ፍየል ግን አልቤያለሁ» አለኝና ቴስተሩን፣ ካቻቢቴውን፣ መበየጃውን ይዞ ሐሙስ በጠዋት መጣ።

«አከም ቡልቴ፣ እትዬ! በሽተኛዋ የታለች?»

«ፋያ፣ ፈዬራ። አንተ ደህና አደርህ? እጅህን ታጥበሃል?»

«ልዋጣት ነው እንዴ የመጣሁት?»

«እንደሱ አይባልም። ታጠብ።»

ታጥቦ መጣ። እትዬ ሸዋወርቅ መስታወቱን አንስተው ዳንቴሉን ገፍፈው አጥፈው አስቀመጡ፤ ከዚያ ሌላ ነገር አደረጉ። ከመሳቢያቸው የኪሮሽ ክር በየቀለሙ አወጡና፣ ፈዬራ አንድ ሽቦ ከመንቀሉ በፊት በሽቦው ጫፍና በመሰኪያው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያስሩ ጀመር። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ።

«ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አለ ፈዬራ።

«ስትመልሳት እንዳትጠፋብህ።»

ፈዬራ ሳቀ፤ ግን ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ከኃይል ሰጪው ወደ ሆዷ የሚገቡት ሁለቱ ትልልቅ መሰኪያዎች መንታ መሆናቸውን አየ። አንዱ በአንዱ ቦታ ቢገባ የሚከለክለው የለም። ሳቁን ተወው። «እሰሩ፣ እትዬ። እንዲያውም ጥበቅ አድርገው እሰሩ» አለ።

ኃይል ሰጪው ከሣጥኗ በስተቀኝ ጥግ ያለ፣ ለብቻው በብረት የታሸገ ነገር ነው። የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለሆዷ በሚስማማት መጠን ያከፋፍላል። ፈዬራ አውጥቶ ሲከፍተው ማራገቢያው አልታይ አለ። በምትኩ እንደ ድመት ጅራት የተድበለበለ ነገር ተቀምጧል። በካቻቢቴው ጫፍ መዝዞ አወጣው። አቧራ ነው፤ ከአቧራው ጋር ግን የነጭ ክር ብናኝ ተጠላልፎበታል። ወይን ጠጅም ነበረበት።

ፈዬራ ብናኙን አየ። የታጠፈውን ዳንቴል አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም መስኮቱን አየሁ።

«አትተያዩ» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። «ዓይን አለኝ። እኔ ነኝ ያፈንኋት።»

«አይ፣ እትዬ...»

«ቀዳዳዋ አቧራ የምታስገባ መስሎኝ ነበር። ለካ አፍንጫዋ ናት።» ብናኙን ከእጁ ተቀበሉት። «በል ቀጥል። ለቅሶው ይደርሳል።»

ፈዬራ ልቡ በተሰበረ ሰው ፊት መሥራት ያውቅበታል፤ አላጽናናም፣ አልወቀሰም፣ ሥራውን ቀጠለ። ፊውዙ ደህና ነው። ነገር ግን አንዲት ጥፍር የምታህል ኮንደንሰር፣ መብራት የምትቋጥር ዕቃ፣ በሙቀት ደርቃ ቆዳዋ ተሸብሽቧል። ኃይል ሰጪው ሲነሳ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት አለን። ሱቁ ሄደና ዳግም እንደማይነሳ ካረጋገጠው አንድ ቴሌቪዥን ላይ ተመሳሳይዋን ነቅሎ አመጣ፤ በየዳት።

«አሁን እንሞክረው?» አልሁ።

«ባዶውን አይነሳም። ሥራ ካልሰጡት የሚተኛ ዓይነት ነው።»

«እንደ ገብረወልድ» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ፤ ቀልዳቸው ስለተመለሰ ደስ አለኝ።

ከመኪናዬ የፊት መብራት አንዱን አምፖል ፈትቼ አመጣሁለት። እሱን ሸክም አድርጎ አገናኘና ሰካ። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ማራገቢያው መዞር ጀመረ፣ ነፋሱ የጠረጴዛውን ወረቀት አነሳው። ሦስታችንም እንደ ልጅ አጨበጨብን።

ደስታችን ግን አልቆየም። ኃይል ሰጪውን ወደ ቦታው መልሰን፣ ቀለም ከቀለም አገናኝተን ማብሪያዋን ስንነካ፣ ማራገቢያው እንደሚያስነጥስ ሰው አንዴ ንቅንቅ አለና ቆመ። ደገምን። ንቅንቅ፣ ቁም። ፈዬራ ነቅሎ በአምፖሉ ሞከረው፤ ቦግ አለ። ወደ ሆዷ መለሰው፤ ቆመ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ሥራዬ ደህና ነው። እሷ ግን እምቢ ብላለች። ከዚህ በላይ አላውቅም» አለ።

ቢሮው ሊዘጋ ነበር። ውጭ ግቢው ውስጥ ጫኞቹ የነገውን ሽንኩርት ይደረድራሉ፤ ከሾፌሩ ጋቢና ጀርባ ለኮምፒዩተሯ የሚሆን ቦታ ሲተዉ በመስኮት ይታየናል። እትዬ ሸዋወርቅ ያን ቦታ አዩት። ዳንቴሉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ነበር የመጡት። ፈዬራ ገና ከመግባቱ ያዙት።

«ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ማክሰኞ የሸተተኝ ከግራ በኩል ነው። እናንተ የከፈታችሁት ቀኙን ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አፍንጫዬ ነው። እኔ እንደ እሷ አልታፈንሁም።»

በግራ በኩል የተደረደሩት፣ እንደ መጽሐፍ ቆመው የተሰኩ ካርዶች ናቸው። የዚያን ጊዜ ነው ለእኔም ነገሩ የተገለጠልኝ። መኪና ላይ ፊውዝ አልበረክት ሲል፣ አንድ ቦታ ኮንታክት አለ፣ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል ማለት ነው። ሾፌር ያን የሚያገኘው መብራቱን፣ ጡሩምባውን፣ መጥረጊያውን አንድ በአንድ እየነቀለ ነው፤ የትኛው ሲነቀል ፊውዙ እንደሚተርፍ ያያል። ይህን ስናገር ፈዬራ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ሬዲዮ ብትሆን ትናንት አደርገው ነበር እኮ! ኮምፒዩተር ስትሉኝ አስፈራችሁኝ።»

አንዱን ካርድ ነቀለ፤ ማብሪያዋን ነካን፤ ንቅንቅ፣ ቁም። መለሰው። ሌላውን ነቀለ። ያው ነው። ውጭ የአዲስ አበባው መኪና ሾፌር ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ «ዕቃው የታለ? ፀሐይ ሳይከር እንሂድ እንጂ!» አለ።

«ሽንኩርትህን ቁጠር!» አሉት እትዬ ሸዋወርቅ፣ ዞር ሳይሉ።

ፈዬራ ጽሑፍ የምታወጣዋን ማተሚያ የሚቆጣጠረውን ካርድ ነቀለ። ማብሪያዋን የነኩት እትዬ ሸዋወርቅ ናቸው። ማራገቢያው ንቅንቅ አለ፤ አልቆመም። ዞረ። ቀጥሎ ከሆዷ አንዲት አጭር የፉጨት ድምፅ ወጣች።

«ድምፅዋ ነው!» አሉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ስትነቃ የምታሰማው ድምፅ ነው።»

ፈዬራ አጥፍቶ ካርዱን ወደ መስኮቱ አዞረው። ጥግ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ነበረች፤ ግማሽ ጎኗ ከስሏል። «ይቺው ናት ያነቀችው። ኃይል ሰጪው ሲንገዳገድ ይዟት ወደቀ» አለና በፒንሳ ቆርጦ ጣላት። «ተጠባባቂ ናት፤ አዲስ እስካመጣ ያለ እሷ ትሠራለች።» ካርዱን መለሰ፣ ክሩን ከክሩ አገናኘ። መስታወቷ ቀስ ብሎ ነጣ፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተደረደሩ። እትዬ ሸዋወርቅ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ የእኔን ደመወዝ ሁሉ በቦታው አገኙት።

የደስታችን መሀል ላይ ፈዬራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ምክንያቱን ሲጠይቁዎት መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ነው ይበሏቸው።»

እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር። በዚያ ዘመን የመንግሥት ዕቃ ሲበላሽ «አሻጥር» የምትል ቃል ከየት እንደምትመጣ አይታወቅም፤ ከመጣች ደግሞ አቦምሳ ትንሹ ነገር ነው። «እውነቱን ነው፣ እትዬ። መብራት አይከሰስ፣ አይመልስ» አልሁ።

እትዬ መልስ ሳይሰጡን፣ ጓድ ንዋይ በሩ ላይ ቆመው አየናቸው። መስታወቷ ላይ የሚያበራውን ጽሑፍ እያዩ ነው።

«ነቃች?»

«ነቃች፣ ጓድ» አልሁ።

«ምን ነበረች? ለማዕከል ምክንያቱን መናገር አለብኝ።»

«መብራቱ ነው፣ ጓድ፤ ሄድ መለስ ሲል...» ብዬ ጀመርሁ።

«አይደለም» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። ብድግ ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱና ዳንቴሉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «በማይናገር ነገር ላይ አላላክክም። መተንፈሻዋን በዚህ ዘግቼ ያፈንኋት እኔ ነኝ። አቧራ እንዳይገባባት ብዬ። ሌላ ምክንያት የለውም። አቦምሳ የሚያስኬድ ከሆነ እሄዳለሁ፤ እሷ ግን ደህና ስለሆነች እዚሁ ትቆይ።»

ጓድ ንዋይ ዳንቴሉን አንስተው በብርሃን አዩት። አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ የእኔ ሬዲዮስ?»

«ሲሠራ ያንሱለት፣ ጓድ። ሲጠፋ ያልብሱት።»

«ስልኩም ይታፈናል?»

ፈዬራ ጣልቃ ገባ። «ስልክ አይሞቅም፣ ጓድ። የሚሞቀው ተናጋሪው ነው።»

ጓድ ንዋይ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ ረዘም አለና ወደ ሳቅ ተጠጋ። ከዚያ አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው ረዳቱን ጠሩት። «የተውከውን ቦታ ሽንኩርት ሙላበትና ሂድ! ዕቃው የትም አይሄድም።» ወደ እኛ ዞሩ። «ጸሐፊዋም የትም አይሄዱም። ለማዕከል ግን ምክንያቱን ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ይበሏቸው» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። «ከመጠን ያለፈ እንክብካቤ።»

እንዲያው እንዳሉት ነገሯቸው። መልሱ ምን እንደነበር ባላውቅም፣ እትዬ ሸዋወርቅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያንኑ ወንበር ሳይለቁ ሠሩ፤ የጽሕፈት መኪናዋም አቦምሳ ሰው ስትጠብቅ ኖረች።

ፈዬራ ለድካሙ ምን እንደሚሻ ሲጠይቁት አመነታ። «ያቺን ዳንቴል ይስጡኝ» አለ።

«ለምን? አንተም ልታፍን?»

«ለቴሌቪዥኗ ነው። ኮንደንሰሯን ለእርስዎ ሰጥታ ሞታለች፤ መገነዣ ይገባታል።»

እትዬ ሸዋወርቅ ያን ቀን እንደሳቁ ስቀው አያውቁም። እርሳቸው ራሳቸው ሱቁ ድረስ ሄደው አለበሷት፤ ጫፉን አስተካክለው፣ አበባውን ወደ ደጅ አዙረው። የገባ ሁሉ «ይቺ ቆንጆ ስንት ናት?» ይላል። ፈዬራ፣ «አትሸጥም፤ አርፋለች» ይላቸዋል።

ለኮምፒዩተሯ ሌላ ሠሩላት። ይኸኛው ከላይ ከሣጥኗ ጠርዝ አያልፍም፤ ጀርባዋ ገላጣ ነው። መስኮቱን ዘግተው ጠረጴዛውን አዞሩላት። «አጭር ቀሚስ አስለበስኋት፤ እንደ ዘመኑ» አሉን። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ስሄድ የማየው ነገር አለ። ሬዲዮ ሲከፍቱ አስቀድመው ዳንቴሉን ያነሱና ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉታል። ዜናው ሲያልቅ በመዳፋቸው ጀርባውን ይዳስሱታል። በርዶ ከሆነ ያለብሱታል፤ ካልበረደ፣ «ቆይ ትንሽ ይተንፍስ» ብለው የፓፓያውን ሳህን ወደ እኔ ያስጠጉልኛል።